ሮጀር ኒድሃም፦ የይለፍ ቃላችንን ከሰርቨሩም የሰወሩልን ሰው

ባለፈው የፈተና ሰሞን በማኅበራችን የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የትምህርት ማጠቃለያዎችን፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንና የስኮላርሺፕ ቅጾችን የምናስቀምጥበት አንድ ሰርቨር አለን። ከቂርያት መላኪም፣ ከገዴራም፣ ከያቭኔም የምንመጣ ተማሪዎች ሁሉ የምንገባበት በአንድ ስምና በአንድ ሲስማ ነበር። ሲስማውም በዋትሳፕ ቡድናችን ላይ ተለጥፎ ማንም ያየው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ የአንደኛ ዓመት የሒሳብ ማጠቃለያዎች በሙሉ የሉም። ማን እንዳጠፋቸው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሁላችንም በአንድ ስም እየገባን ስለነበር የሰርቨሩ መዝገብ የሚያሳየን ያንኑ አንድ ስም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እርስ በርስ መጠራጠር መጣ፤ እሱ ደግሞ ከጠፋው ማጠቃለያ የባሰ ጎዳን።

ጉዳዩን ለማስተካከል ስንነሳ የኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ጓደኞቻችን አንድ ስም ደጋግመው አነሡልን። ከእኛ ብዙዎቹ ገና ሳይወለዱ ወይም በአንቀልባ ሳሉ ያረፉ እንግሊዛዊ ናቸው። በየማለዳው የዩኒቨርሲቲያችንን ኮምፒውተር ስንከፍት የሚሆነው ነገር ከሳቸው ሥራ ይመዘዛል። ስለዚህ በዚህ እትም የፕሮፌሰር ሮጀር ኒድሃምን ሕይወት ልናካፍላችሁ ወደድን። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮጀር ማይክል ኒድሃም የተወለዱት በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1935 በእንግሊዝ አገር ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዶንካስተር ከተማ ተምረው በ1953 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ቅዱስ ዮሐንስ ኮሌጅ ገቡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት፣ ኑሯቸው ካምብሪጅ ሆነ። መጀመሪያ ያጠኑት ሒሳብ፣ ቀጥሎም ፍልስፍና ነበር። ይህ ጥምረት በኋላ ጠቅሟቸዋል ብለን እናስባለን። ዕድሜ ልካቸውን የመረመሩት ጥያቄ የሒሳብም የፍልስፍናም ነበርና፦ አንድን ነገር በርግጥ አውቃለሁ ለማለት ምን ማስረጃ ይበቃል?

በ1958 ኬረን ስፓርክ ጆንስን አገቡ። እሳቸውም በኮምፒውተር ሳይንስ ስማቸው የገነነ ሊቅ ናቸው። በ1972 ባወጡት ጥናት፣ በጥቂት ሰነዶች ውስጥ ብቻ የሚገኝ ቃል በብዙዎች ውስጥ ከሚደጋገም ቃል ይልቅ ለፍለጋ እንደሚጠቅም አሳዩ፤ የዛሬዎቹ የመፈለጊያ መሣሪያዎች ከዚህ ሐሳብ ብዙ ወስደዋል። ባልና ሚስቱ በካምብሪጅ አቅራቢያ መኖሪያ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ሠሩ። ኒድሃም የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በኮምፒውተር ነገሮችን በየወገናቸው ስለ መመደብ ሲሆን፣ አማካሪያቸው ዴቪድ ዊለር ነበሩ። ከዚያም በ1962 በካምብሪጅ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመሩ።

የዚያን ዘመን ችግር ለመረዳት ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከገዴራ በአውቶቡስ ቅርብ በሆነችው ረሖቮት፣ በቫይዝማን ተቋም፣ በ1955 ዌይዛክ የተባለው ኮምፒውተር ሥራ ጀምሮ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ካምብሪጅም ኤድሳክ የተባለውን በ1949 አስነሥታ ነበር። በእነዚህ ማሽኖች ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠራው የአንድ ሰው ፕሮግራም ብቻ ስለነበር የመግቢያ ቁጥጥር የሚባለው ነገር የክፍሉ በር ነበር። በሩን የከፈተ፣ ተራው የደረሰ፣ ማሽኑን ያዘ። የክፍሉ ኃላፊ ሰውየውን በፊቱ ያውቀዋል፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

በ1960ዎቹ ግን ብዙ ሰዎች በየራሳቸው ጠረጴዛ ተቀምጠው አንዱን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ መጠቀም ጀመሩ። በካምብሪጅ ይህን ያደርግ የነበረው ኮምፒውተር ታይታን ይባላል፤ ኒድሃምም በሥራው ተሳታፊ ነበሩ። ያኔ ማሽኑ ፊት አያይም። ከሽቦው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው እገሌ ነኝ ሲል መጠየቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ፣ በኤም አይ ቲ፣ በ1961 በታየው ተመሳሳይ ሥርዓት እያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ተሰጠው። ቃላቱ ሁሉ ግን በአንድ ፋይል ውስጥ እንዳሉ፣ ለማንበብ በሚያስችል ሁኔታ ተጽፈው ይቀመጡ ነበር።

በ1966 እዚያው ኤም አይ ቲ አንድ ነገር ሆነ። ሁለት የሥርዓቱ ኃላፊዎች በአንድ ሰዓት ሥራ ላይ ነበሩ። አንዱ የዕለቱን ማስታወቂያ ሲያርም፣ ሌላው የይለፍ ቃላቱን ፋይል ያርም ነበር። ማረሚያው ፕሮግራም ለሁለቱም በአንድ ስም ጊዜያዊ ፋይል ስለከፈተ ሁለቱ ጽሑፎች ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ የገባ ሰው ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል አነበበ። የሰረቀ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ምሥጢሩን እንዳለ ማስቀመጡ ነበር።

ኒድሃም ለዚህ ችግር ያመጡት መላ፣ ሰርቨሩ የይለፍ ቃላችሁን ማወቅ አያስፈልገውም የሚል ነው። ነገሩን በቤታችን ምሳሌ እንየው። የተቆላ ቡና ከተወቀጠ በኋላ ወደ ፍሬነቱ አይመለስም። እንዲሁም የሒሳብ ስሌት አለ፤ ቃሉን አስገብታችሁ ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ከወጣው ተነሥቶ ቃሉን መልሶ ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው። አንድ ቃል ሁልጊዜ የሚሰጠው አንድ ዓይነት ውጤት ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ የሚያስቀምጠው የተወቀጠውን ብቻ ነው። ነገ ስትገቡ የጻፋችሁትን ቃል እንደገና ይወቅጠውና ካስቀመጠው ጋር ያስተያየዋል። ከተመሳሰለ እናንተ ናችሁ። ፋይሉን የሰረቀ ሌባ ያገኘው ዱቄት ነው።

ይህ አሠራር በታይታን ላይ በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ ዋለ፤ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሞሪስ ዊልክስ በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ ሲገልጹት ባለቤቱ ኒድሃም መሆናቸውን ጻፉ። በ1979 ደግሞ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስ በተባለው ሥርዓት ላይ የጨመሩትን ተጨማሪ መከላከያ አሳተሙ፤ ስሙም ጨው ነው። ቃሉ ከመወቀጡ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ቁጥር ይነሰነስበታል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ሰዎች ሳያውቁ አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ እንኳ በሰርቨሩ ላይ የሚታየው የተለያየ ነው። ከዚህ የምናገኘው አንድ ተግባራዊ ትምህርት አለ፦ የረሳችሁትን የይለፍ ቃል እንዳለ መልሶ በኢሜይል የሚልክላችሁ ድረ ገጽ ካለ፣ ቃላችሁን ሊመለስ በሚችል መልክ አስቀምጦታል ማለት ነው፤ አትመኑት።

ይሁን እንጂ ሰውየውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈቀድለት መወሰን ሌላ ነው። በ1970ዎቹ ኒድሃም ከዊልክስ ጋር ካፕ የተባለ ኮምፒውተር ሲሠሩ ያተኮሩት በዚህ ላይ ነበር። ለአንድ ቤት ጥበቃ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ በረኛው የስም ዝርዝር ይዞ መጪውን ሁሉ ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ነው። ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚገባበትን ክፍል ብቻ የሚከፍት ቁልፍ መስጠት ነው። ካፕ በሁለተኛው መንገድ የተሠራ ነበር። እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል፣ የራሱ የኮምፒውተሩ ዋና ሥርዓት ክፍሎች ሳይቀሩ፣ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ቁልፍ አይሰጠውም። ማሽኑ ራሱ ቁልፉን ይፈትሻል።

ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን በአገራችን የሆነውን እናስታውስ። በ2006 በአንድ ሚኒስቴር በኮንትራት ይሠራ የነበረ ሰው የሕዝብ መዝገቡን ቀድቶ ወሰደ፤ መዝገቡም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በኢንተርኔት ተበተነ። የሞቱትን ጨምሮ ከ9 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ስም፣ የተዑዳት ዜሁት ቁጥርና የቤተሰብ ዝርዝር ነበረበት። ፖሊስ ተጠርጣሪዎቹን መያዙ የተነገረው በ2011 ነው። ያ ሰው በር ሰብሮ አልገባም፤ መግባት የተፈቀደለት ሠራተኛ ነበር። የተዑዳት ዜሁታችንን ቁጥር ሲስማ ማድረግ የማይገባውም ለዚህ ነው። ቁጥሩ ስማችንን ይናገራል እንጂ ምሥጢር አይደለም። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን ለእናትና ለአባታችን የጤና ድርጅቱን ወይም የባንኩን አካውንት ስንከፍት ቶሎ እንዲያስታውሱት ብለን ያንኑ ቁጥር የሰጠናቸው?

አሁን የኒድሃም ስም ከሁሉ በላይ ወደሚነሣበት ሥራ ደርሰናል። በ1970ዎቹ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ መያያዝ ጀመሩ። ካምብሪጅም ካምብሪጅ ሪንግ የተባለ የራሷ ኔትወርክ ነበራት። በኔትወርክ ላይ በመንገድ የሚያልፈውን መልእክት ሌላ ሰው ሊሰማው፣ ሊለውጠው፣ ቀድቶ ደግሞ ሊልከው ይችላል። የይለፍ ቃሉን በሽቦ ላይ መላክ በገበያ መካከል ጮኾ እንደ መናገር ሆነ። ኒድሃም በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል፣ ከማይክል ሽሮደር ጋር ለዚህ መፍትሔ ፈለጉ፤ ውጤቱንም በ1978 አሳተሙ። ዛሬ የኒድሃምና ሽሮደር ፕሮቶኮል ይባላል።

አያቶቻችን ይህን በቀላሉ ይረዱታል፤ መሠረቱ ዋስ ነውና። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ዋስ ካለ ውል ይዋዋላሉ። በኔትወርኩም አንድ ዋስ የሆነ ሰርቨር አለ። ከእያንዳንዱ ተጠቃሚና ከእያንዳንዱ ሰርቨር ጋር ለየብቻ የሚካፈለው ምሥጢራዊ ቁልፍ አለው። አንዲት ተማሪ ፋይል ወዳለበት ሰርቨር መግባት ፈለገች እንበል። ለዋሱ ስሟን፣ የምትፈልገውን ሰርቨርና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ትልካለች። ዋሱ ለሁለቱ አዲስ ጊዜያዊ ቁልፍ ያወጣል፤ በተማሪዋ ቁልፍ ቆልፎም ይልክላታል። በዚያው ፖስታ ውስጥ ሁለተኛ ፖስታ አለ። በውስጡ ጊዜያዊው ቁልፍና የተማሪዋ ስም ሲኖር፣ የተቆለፈው በፋይል ሰርቨሩ ቁልፍ ነው። እሷ ልትከፍተው አትችልም፤ ተቀብላ ታደርሰዋለች። ሰርቨሩ ከፍቶ ስሟን ያነባል፤ ከዚያም በጊዜያዊው ቁልፍ የተቆለፈ ቁጥር ይልክላታል። እሷም ፈትታ፣ ከቁጥሩ አንድ ቀንሳ፣ ቆልፋ ትመልሳለች። በዚህ ሁሉ ምልልስ ውስጥ የተማሪዋ ምሥጢር በመንገድ ላይ አንድም ጊዜ አላለፈም።

እዚያው ዜሮክስ ከሽሮደርና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር የሠሩትና በ1982 ያሳተሙት ግሬፕቫይን የተባለ ሥርዓት ደግሞ መልእክት ከማመላለስ ጋር፣ የሰዎችን ማንነት የሚያረጋግጥና ማን የየትኛው ቡድን አባል እንደሆነ መዝግቦ ፈቃድን በቡድን የሚሰጥ ነበር። ዛሬ በካምፓስ ሰርቨር ላይ ተማሪ፣ መምህር፣ አስተዳዳሪ እየተባለ ፈቃድ የሚታደለው በዚሁ ዘይቤ ነው።

የ1978ቱ ፕሮቶኮል ግን እንከን አልባ አልነበረም። በ1981 ዶሮቲ ዴኒንግና ጆቫኒ ሳኮ አንድ ቀዳዳ አሳዩ። አንድ ሌባ ያረጀ ጊዜያዊ ቁልፍ ካገኘ፣ የድሮውን ፖስታ ደግሞ በመላክ ሰርቨሩን ሊያታልል ይችላል፤ ሰርቨሩ ፖስታው የዛሬ ይሁን የአምና የሚያውቅበት መንገድ የለውምና። መድኃኒቱ ሰዓት መጻፍ ነው። በኤም አይ ቲ አቴና በተባለው ፕሮጀክት የተሠራው ኬርቤሮስ ይህን እርማት ይዞ በ1980ዎቹ ወጣ፤ ከ2000 ጀምሮም ዊንዶውስ ለመሥሪያ ቤት ኔትወርኮች ዋና ማረጋገጫው አደረገው። ጠዋት በካምፓስ ስትገቡ ትኬት ይሰጣችኋል፤ በተለመደው አሠራር ለ10 ሰዓት ያገለግላል። የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ከሰርቨሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛባ አልገባ የሚላችሁም ለዚህ ነው። ሲስማችሁ ትክክል ሆኖ ሳለ ተከልክላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ሰዓቱን እዩ።

ሁለተኛው ቀዳዳ የበለጠ ያስተምራል። ኒድሃም በ1989 ከማይክል በሮውስና ከማርቲን አባዲ ጋር እንዲህ ዓይነት ምልልሶችን በሎጂክ የሚመረምር ዘዴ አወጡ። ማን ምን ያምናል፣ ለማመንስ ምን ምክንያት አለው ብሎ ይጠይቃል። ዘዴው በሌሎች ፕሮቶኮሎች ላይ ስሕተት አገኘ። ሆኖም በ1995 ጋቪን ሎው የተባሉ ተመራማሪ በዚያው በ1978 ጽሑፍ ውስጥ በነበረው ሌላ ፕሮቶኮል ላይ፣ በሕዝባዊ ቁልፍ በሚሠራው ላይ፣ ለ17 ዓመት ሳይታይ የቆየ ጉድለት አሳዩ። በኔትወርኩ የተመዘገበ፣ ግን ተንኮለኛ የሆነ ሰው፣ ከእሱ ጋር የጀመረችውን ሴት መልእክት ወደ ሦስተኛ ወገን እያሳለፈ በእሷ ስም ሊገባ ይችል ነበር። በ1978 ከተመዘገቡት ሰዎች አንዱ ከዳተኛ ይሆናል ተብሎ አልታሰበም ነበር። የሎው እርማት አጭር ናት፦ መልስ የሚሰጠው ወገን በመልእክቱ ውስጥ የገዛ ስሙን ይጨምር። የጎደለው ስም ነበር።

የሚገርመው፣ ኒድሃምና አባዲ አንድ ዓመት ቀደም ብለው በ1994 ባቀረቡት ጽሑፍ ለፕሮቶኮል ሠሪዎች ደንቦች አውጥተው ነበር። ከነዚህ አንዱ፣ የአንድ ወገን ማንነት ለመልእክቱ ትርጉም የሚያስፈልግ ከሆነ ስሙ በግልጽ ይጻፍ የሚል ነው። በገዛ ሥራቸው ላይ የጎደለውም ይኸው ሆኖ ተገኘ።

ይህን ስናነብ ወላጆቻችንን አሰብን። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ሲመጡ ብዙዎቹ ቁጥር የታተመበት ወረቀት ተለጥፎባቸው ነበር። ከዚያ በፊት በሱዳን በኩል የመጡትም፣ በኋላ የመጡትም፣ ብዙዎቹ ሲመዘገቡ ስማቸው በሌላ ስም ተተካ፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ፤ የልደት ቀን በግምት ተጻፈ። ከዚያም ዓመታት ሙሉ እናንተ ማን ናችሁ ተብለው ሲጠየቁ፣ ማስረጃው የሚፈለገው ሁልጊዜ ከነሱ ብቻ ነበር። የኒድሃም አሠራር ግን ሁለቱም ወገን እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ተማሪዋን እንደሚያረጋግጥ ሁሉ፣ ተማሪዋም የሚያናግራት እውነተኛው ሰርቨር መሆኑን ታረጋግጣለች። ጠያቂውም ይጠየቃል።

ኒድሃም ከ1980 እስከ 1995 የካምብሪጅን የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ መሩ፤ በ1985 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኑ። በ1997 ማይክሮሶፍት ከአሜሪካ ውጭ የመጀመሪያውን የምርምር ማዕከሉን በካምብሪጅ ሲከፍት መሥራቹ እሳቸው ነበሩ። በ2003፣ በ68 ዓመታቸው፣ በካንሰር ሕመም ዐረፉ። ባለቤታቸውም በ2007 ተከተሏቸው።

እኛስ ምን አደረግን? አንዱን የጋራ አካውንት ዘጋነው። አሁን እያንዳንዱ አባል የራሱ መግቢያና የራሱ ሲስማ አለው፤ ሲስማውን የሚያውቅ ከእሱ በቀር ማንም የለም፤ ሰርቨሩም ቢሆን። ሁሉም ያነባል፤ የሚጽፈው የየትምህርቱ ኃላፊ ነው፤ የማጥፋት ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ትምህርቱን የጨረሰ አባል መግቢያው በዚያው ወር ይዘጋል። ማን መቼ ምን እንደለወጠ መዝገቡ ያሳያል። ይህም ሰውን ለመክሰስ አይደለም፤ ያላጠፋ ሰው እንዳይጠረጠር ነው።

መግቢያ ስማችሁን ራሳችሁ ምረጡ ስንል አንዳንዱ የዕብራይስጥ ስሙን ጻፈ፤ አንዳንዱ አያቱ ያወጡለትን። የሒሳብ ማጠቃለያውን ሦስት ልጆች ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ተቀምጠው እንደ አዲስ ጻፉት። ፋይሉን ስትከፍቱ የሦስቱም ስም ከላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።